ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ሰውዬ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ስለ እንቅልፍ የተጻፈውን መጽሐፍ ዛሬ ሰረዝኩት። ከላይብረሪ በነፃ ስልኬ ላይ ያወረድኩት ነበር፣ በእንግሊዝኛ እየተነበበ በጆሮ የሚሰማ። አንባቢው ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም ሥራውን ከሚገባው በላይ ሠርቷል። መንገደኞቼን ኤርፖርት አራግፌ ባዶ ሻትሌን ወደ ፓርኪንጉ ስመልስ ከፍቼው፣ ቀይ መብራት ላይ አንገቴ ዘንበል አለ። ከኋላዬ የነበረው መኪና ጡሩምባውን ባይነፋ ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ። ለአልጋ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ለሹፌር አይሆንም።

የጋሼ ምናሉ ድምፅ ዛሬም አልመጣም። ታላቅ ወንድሜ ደሴ ሆኖ በቴሌግራም እያነበበ የሚልክልኝን ከሁሉም አስበልጣለሁ። ዕድሜ ልኩን ለተማሪ ሲያነብ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀረሁለት ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ። አሁን የያዝነው «አሥራ ሁለት ክንድ» የሚል ልብ ወለድ ነው። ይመኑ የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ አለ፤ ድርቅ በመታው አገር ውሃ ፍለጋ በገመድ ይወርዳል። አንድ ምዕራፍ ሲቀረን ገመዱ ተንቀጠቀጠ፣ ይመኑ ከታች ጮኸ፣ ከላይ ያሉት ግን የሚለውን አልሰሙም። እዚያች ላይ ጋሼን ሳል ያዘው። «በቃ ለዛሬ፣ ጤንዬ» አለና ጠፋ።

ሰው ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ይጠፋል? ነገ ቢልክ ይሻለዋል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የግድያ ምርመራው መጽሐፍ፦ ከአሥር ስድስት። ሰባት ልሰጠው ነበር። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ሲሳፈሩ ማጥፋት ረሳሁና ትንሽ ሰሙ። «እሱን መጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ ገዳዩ የጥርስ ሐኪሙ ነው» ብለውኝ ተርሚናሉ ጋ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወረዱ። እንዲህ ያለ ሰው አውሮፕላን ላይ መስኮት አጠገብ መቀመጫ ሊሰጠው አይገባም።

ደሴ ደወልኩ። የጋሼ ሚስት እትዬ ጌጥነሽ አነሳችው።

«ተኝቷል» አለችኝ።

«በዚህ ሰዓት?»

«ጉንፋን ብጤ ነው። አንቺ እንዴት ነሽ? ብርዱስ? በረዶው ጀመረ?»

ስለ ብርዱ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እትዬ ጌጥነሽ ስለ ዴንቨር አየር ተጨንቃ አታውቅም። ጋሼም ቀን ተኝቶ አያውቅም፤ ቀን መተኛት የሰነፍ ተማሪ ምልክት ነው ባይ ነው።

ጉንፋን ነው እንግዲህ። ጉንፋን የያዘው ሰው ማንበብ አይችልም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ድካም። መንገደኛ በመንገደኛ። ምንም አልሰማሁም።

የጽጌን ጾም ይዣለሁ። ሌላ ዓመት አልጾመውም፣ የፈቃድ ጾም ነው። ልጄ ፀዳል ትናንት እንቁላል ጠብሳልኝ «አልበላም» ብላት «ማሚ፣ ኧር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ለሆዴ ጥሩ ነው ብዬ ነው አልኳት። ለሆዴ ጥሩ ነው።

ይመኑ እስካሁን ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃቫና ስትሪት ካለው ሱቅ መጽሐፍ ልገዛ ገባሁ። ማለቴ ልገባ ነበር። ፓርክ አድርጌ ስወርድ የፀዳልን መኪና አየሁ። ሥራ ነኝ ያለችኝ ልጅ! የምትሠራበት ሆስፒታል እዚያ ጋ የለም። አጠገቡ ያለው ምግብ ቤት በር ክፍት ነበር፤ ከበሩ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ማን? ጋሽ ተመልሶ፣ ከእኔ ጋር ሻትል የሚነዱት። አስመራ ተወልደው፣ እዚያው በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ከእኔ የተሻለ ሰዋስው የሚያውቁ ሽማግሌ። ከመጽሐፍ ሌላ የምናወራው የለንም፤ ልጄንም የሚያውቋት ሰላምታ ስትሰጣቸው ብቻ ነው።

«ማሚ በጣም ነው የምትደነግጠው» አለች ፀዳል።

«እሱን ለእኛ ተዪው። በወጉ ነው የሚነገራት፣ ሰው ተሰብስቦ። እስከዚያ አንዲት ቃል እንዳታወጪ።»

አልገባሁም። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ መሪውን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ዞሬ በሌላው የሱቁ በር ገብቼ አንድ የጦር መኮንን ማስታወሻ ገዛሁ። ሽፋኑ ያምራል። ሰውየው በየገጹ ከአለቆቹ ሁሉ እሱ ልክ እንደነበረ ይነግረናል። ሠላሳ ገጽ አንብቤ ተውኩት። ወይም ሠላሳውን ገጽ ዓይኔ አለፈበት፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ሰው ተሰብስቦ የሚነገር ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አልጽፈውም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

በረዶ። ጥቂት መንገደኛ።

ዩቲዩብ ላይ የፍቅር ልብ ወለድ ሰማሁ። ተራኪዋ ገጸ ባሕርይዋ ከማልቀሷ በፊት ቀድማ ታለቅሳለች። ከኋላ ዝናብ ይዘንባል፣ ኪቦርድ ይመታል፣ ልጅቷ «አንተን ካጣሁ…» ስትል የኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ ይገባል። ጋሼ ቢሰማ ይታመም ነበር። እሱ ሲያነብ ድምፁን አይለዋውጥም፤ «ጽሑፉ ካላስለቀሰሽ እኔ ላስለቅስሽ አይገባም» ይላል።

ቢሰማ ይታመም ነበር ብዬ ጻፍኩ። ይታመማል ማለት ነበረብኝ። እንዴት እንዲህ እንደጻፍኩ አላውቅም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

መድኃኔዓለም ነው ዛሬ። ሻማ አበራሁ።

ጋሽ ተመልሶ በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ይዘውልኝ መጡ፣ «ሦስተኛዋ ሚዜ» የሚል፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ የድሮ እትም። ሁልጊዜ መጽሐፍ ወርውረውልኝ «እስቲ ይህንን ሞክሪው» ነበር የሚሉት። ዛሬ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ስለ አማቾች የተጻፈው ምዕራፍ ደስ ይላል። እርስዎ እንዴት እንደሚያዩት ብሰማ ደስ ይለኛል» አሉኝ።

እርስዎ! እኔን! በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ፈገግ ለማለት ሞክረው አቃታቸውና የሹራባቸውን ቁልፍ እየነካኩ ሄዱ። ሰው እንዲህ የሚያከብርህ ሐዘን ሲደርስብህ ነው። ባሌ የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ የሠፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ከወንበር ይነሳልኝ ጀመር።

መጽሐፉን ጀመርኩት። ሠርግ፣ ሽር ጉድ፣ ሳቅ። ሰውየው ሐሳቤን ሊያስቀይሩልኝ ነው። ደግ ሰው ናቸው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ፣ እንቅልፍ እንደሆነ እንቢ ብሏል። ያንን የእንቅልፍ መጽሐፍ መሰረዜ ቆጨኝ።

ደሴ ደወልኩ። «ድምፁን ልስማ» አልኩ። «አሁን ወጣ ብሏል» አለች እትዬ ጌጥነሽ። ባለፈው ተኝቷል፣ ዛሬ ወጥቷል። «ስልኩንስ?» አልኳት። «ስልኩ ተበላሽቷል።» ሳልጠይቃት ቀጠለች፦ «ጤናዬ፣ እግዚአብሔርን ነው የምልሽ፣ ደህና ነው» አለችኝ። ድምፅዋ ተሰበረ።

እናታችን ያረፈች ጊዜም ደህና ነች ነበር የሚሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ደህና ነበረች። ጸበል ሄዳለች፣ ገጠር ሄዳለች፣ ተኝታለች። በኋላ አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ፤ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሰዉ ሁሉ። እኒህ ሰውዬ እዚህ ዴንቨር ዙሪያ፣ ሞንትቤሎም ሆነ አውሮራ፣ መርዶ ሲሆን የሚላኩ ናቸው። ቃል ያውቃሉ፣ ሰው ሲወድቅ መደገፍ ያውቃሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ ሰላም ሳልል መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጋሼ ያንን ምዕራፍ ሲልክልኝ ምን ብዬ ነበር የመለስኩለት? «ጋሼ፣ ሳልህን ቁረጠው፣ ታሪኩን አበላሸብኝ።» እንደ ቀልድ። ሳቅ የምትል ምልክት ጨምሬበት። ደጋግሜ አየሁት፣ አንብቦታል። መልስ የለም።

የድሮ ምዕራፎቹን ዛሬ መልሼ ሰማሁ። ገጽ ሲገልጥ ጣቱን በምላሱ የሚያርስባት ድምፅ አለች። ሁልጊዜ ትደብረኝ ነበር። ዛሬ እሷን እየመለስኩ እየመለስኩ አዳመጥኩ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ፀዳል እራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ማሚ፣ ሳተርዴይ ኦፍ ውሰጂ፣ ፕሊስ።»

«ለምን?»

«ሰም ፒፕል አር ካሚንግ። በጠዋት።»

«እነማን?»

«አይ ካንት ቴል ዩ። እንዳትጠይቂኝ፣ ማሚ፣ ፕሊስ።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ተነስታ አቀፈችኝ። ልጄ እንዲህ አጥብቃ ካቀፈችኝ ስንት ጊዜ ሆነ።

አልጠየቅኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ቤቱን አጸዳሁ። ወንበር ከምድር ቤት አወጣሁ። ጥቁር ቀሚሴን ተኮስኩ። የጋሼን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄ ወለወልኩና መልሼ ሰቀልኩት።

«ሦስተኛዋ ሚዜ» አለቀ። ተጋቡ። ጥሩ ነው መሰለኝ።

ነገ ቁስቋም ናት፣ ጽጌ ይፈታል። ልፈስክ ብዬ ሥጋ አልገዛሁም።

ይመኑ ምን እያለ ነበር የሚጮኸው? ጋሼ ያንን ሳይነግረኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

እስካሁን እየሳቅኩ ነው። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ገና ማለዳ በር ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ፤ መኪና ተደርድሯል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በጋቢ፣ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶች፣ በመጨረሻ ጋሽ ተመልሶ ክራቫት አስረው አንገታቸውን ደፍተው። ክራቫት! ልቤ ከዚያ በኋላ የት እንደሄደ አላውቅም።

ከፈትኩ። ገቡ። ግድግዳውን ተደግፈው በሰልፍ ቆሙ።

«ተቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እመት ጤናዬ፣ በማለዳ የመጣነው ለከባድ ጉዳይ ነው። እግዚአብሔር የሰጠውን…»

የፈጣሪን ስም ሲጠሩ አላስጨረስኳቸውም። «ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ወንድሜን!» ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ሁለቱ ሴቶች እኔን ሲያዩ ጊዜ ሳያጠፉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዋይ ዋይ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ግንባራቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። ፀዳል ከደረጃው እየሮጠች ወርዳ «ዋት ሃፕንድ? ማን ነው የሞተው?» ትጮኻለች። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በልማድ ብብቴ ውስጥ ገብተው ደግፈውኛል፤ ግን ወደ ጋሽ ተመልሶ ዞረው በሹክሹክታ ሲጠይቁ ሰማሁ፦

«ማን ነው የሞተው? ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ ምን አውቄ! እኛ የመጣነው ለሳህለ ነው!»

ለቅሶዬን አቋረጥኩ። ከወለሉ ላይ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሳህለ ማን ነው?»

«ልጄ ነው» አሉ ጋሽ ተመልሶ፣ ክራቫታቸው ተጣሞ። «ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ ብዬ ሽማግሌ ይዤ መጣሁ። ሽማግሌ ሳይናገር ልጅቱ ለእናቷ አትናገርም፣ ወጉ አይደለም ብዬ እኔ ነኝ ያስማልኳት። የኔ ጥፋት ነው፣ እመት ጤናዬ።»

ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ። ያለቀሱት ሽማግሌ «እኔስ ማንን ነው ያለቀስኩት?» አሉ። አንዷ ሴት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ማንም ማንንም ማቆም አልቻለም።

እኔ ግን አልሳቅኩም ገና። «ወንድሜስ?» አልኩ። «ወንድሜ የታለ? ሁላችሁም የምታውቁት ነገር አለ።»

ማንም የሚያውቅ አልነበረም። ፀዳል ስልኳን አውጥታ በቪዲዮ ደሴ ደወለች፣ በሽማግሌው ሁሉ ፊት። እትዬ ጌጥነሽ አነሳች። አለባበሳችንን፣ እንባዬን፣ ጋቢውን አየችና «እናንተ! ማን ነገራችሁ?» ብላ ጮኸች። አሁንማ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «በይ አሁን ተናገሪ!» አልኳት።

ጉሮሮው ላይ እባጭ ወጥቶበት ኖሯል። አዲስ አበባ ሄደው በቀዶ ጥገና አውጥተውለታል። «ብቻዋን መኪና የምትነዳ ሴት ናት፣ ውጤቱ ሳይታወቅ እንዳትነግሯት» ብሎ አስምሏቸዋል። ውጤቱ የመጣው ሐሙስ ነው። ክፉ አይደለም። ክፉ አይደለም! ሦስቴ አስደገምኳት። ሐኪሙ ግን ለተወሰነ ጊዜ ቃል እንዳይተነፍስ ከልክሎታል።

ስልኩ ዞረ። ጋሼ አለ። አንገቱ ላይ ሻሽ ጠምጥሞ፣ ከስቶ፣ ዓይኑ ግን ያው የመምህር ዓይን። የልጅ ልጁን ጥቁር ሰሌዳ አንስቶ በጠመኔ ጻፈና ወደ ካሜራው አስጠጋ፦

«አልሞትኩም። ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

ያኔ ሳቅኩ። ሳቄና እንባዬ ተደባልቆ፣ ወንበሩ ላይ ሳይሆን እዚያው ወለሉ ላይ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግርማቸውን ሰብስበው፣ የፀዳል አባት ስለሌሉ እርስዎ የቤተሰቡ ታላቅ ነዎት ብለው ጉዳዩን በስልኩ ለጋሼ እንደገና አቀረቡ። ሁሉም ቆመ። ጋሼ ሰሌዳውን ጠርጎ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ፀዳል ጥፍሯን ትበላለች። ሰሌዳው ዞረ፦

«መክረንበት እናሳውቃለን። አሁን ግን ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ቁርስ አልነበረኝም፤ ለቅሶ ነበር የጠበቅኩት። ጋሽ ተመልሶ ልጃቸውን ጠርተው ከሃቫና ስትሪት ምግብ አስመጡ። በሩ ላይ ሳህለን አየሁት። ረጅም፣ ጆሮው ትልቅ፣ ከድንጋጤው የተነሳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ከረጢቱን ደረቱ ላይ ይዞ ቀረ። «ግባ፣ ማንም አልሞተም» አልኩት።

ሥጋ በላሁ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሥራ። ፀሐይ። ኤርፖርቱ መግቢያ ላይ የቆመውን ሰማያዊ የፈረስ ሐውልት አልፌ ወደ ተርሚናሉ ስገባ ብቻዬን ሳቅኩ። «እኔስ ማንን ነው ያለቀስኩት?»

የእንቅልፉን መጽሐፍ መልሼ አወረድኩት። አልጋ ላይ ነው የምሰማው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላለፍኩም፣ እንግዲህ ከአሥር አሥር ሰጥቼዋለሁ።

ጋሽ ተመልሶ አሁንም እርስዎ ይሉኛል። «ይተዉ እንጂ» አልኳቸው። «አማች ልንሆን አይደል፣ ምዕራፉን አላነበቡትም?» አሉኝ። ገጹን አላስታውስም፤ ያንን መጽሐፍ በእንባ ነው ያነበብኩት። ደግሜ አነበዋለሁ። ጋሼ በሰሌዳው እሺ ካለ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ጋሼ ትናንት በሰሌዳ «እሺ» ብሏል፤ ፀዳል ስልኩን ስማ ልትፈጀው ነበር።

ዛሬ ቴሌግራሙ ጮኸ። ድምፅ መስሎኝ ልቤ ዘለለች። ፎቶ ነው። ገጽ በገጽ የተነሳ መጽሐፍ፣ አንዳንዱ ተጣሞ፣ አንዱ ላይ አውራ ጣቱ ገብቶ። የ«አሥራ ሁለት ክንድ» የመጨረሻው ምዕራፍ። ከሥሩ አጭር ቮይስ። ሐኪሙ በቀን ጥቂት ቃል ፈቅዶለታል መሰለኝ። ሻካራ ነው፣ እንደ አሸዋ። የእሱ ግን ነው።

«ጤንዬ… ተራሽ ነው።»

በዚህ ወር የሰማኋቸውን አንባቢዎች ሁሉ ስተች ሰነበትኩ፤ አንዱ ያስተኛል፣ አንዷ ታለቅሳለች። እኔ ጮክ ብዬ ያነበብኩት ከትምህርት ቤት ወዲህ የለም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁና ስልኩን መሪው ላይ አቆምኩ። አነበብኩ።

ከላይ ያሉት ገመዱን ይዘው ያለቅሳሉ። ሚስቱ መሬት ላይ ተዘርግታለች። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሏል። ሲስቡት፣ ሲስቡት፣ ይመኑ እስከ ወገቡ ርሶ እየተሳደበ ወጣ። «ምን ነካችሁ? አትሳቡኝ፣ ውሃ አገኘሁ ነበር የምላችሁ!»

ድምፄ ተቆረጠ። ጽሑፉ ካላስለቀሰሽ አይደል የሚለው፤ ጽሑፉ አስለቀሰኝ። እያለቀስኩ ጨረስኩትና፣ እንደወጣ፣ ላኩት።

መልሱ ወዲያው መጣ፣ በጽሑፍ።

«ፈጠንሽ። ከመጀመሪያው ድገሚው።»

ደገምኩለት።